የፀሐይ ነጠብጣብ

ነጅሙዲን ከሰው ሁሉ የሚጠላው «ዘንድሮስ ይዘንብ ይሆን?» ብሎ የሚጠይቀውን ነበር። ክፋቱ ግን በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት ቆቦ ውስጥ ይህን የማይጠይቅ ሰው አልነበረም። ሻይ ሊጠጣ ቁጭ ሲል ይጠይቁታል። ከመስጊድ ሲወጣ ጫማውን ሳያጠልቅ ይጠይቁታል። ፀጉር አስተካካዩ እንኳ ምላጩን ጉሮሮው ላይ አስደግፎ «ኧረ ነጅሙ፣ ለኛ ለኛ እንኳ ንገረን!» ይለዋል፤ ለሌላው እየነገረ ከእነሱ የሚደብቀው ነገር ያለ ይመስል።

«እኔ የሆነውን ነው የምጽፍ፤ የሚሆነውን አላህ ነው የሚያውቅ» ብሎ ብሎ ሰለቸው። ማን ሊሰማው! መንግሥት በየወሩ ደሞዝ የሚቆርጥለት ሰው ካላወቀ ማን ሊያውቅ ነው?

ሥራው ግን እውነትም የሆነውን መጻፍ ነው። ከከተማው ዳር በሽቦ የታጠረች የሜትሮሎጂ ጣቢያ አለች፤ ጣቢያ መባሉ እንኳ ሲበዛባት ነው። አንድ የዝናብ መለኪያ ቆርቆሮ፣ ቴርሞሜትር የተቀመጠበት አንድ ነጭ ሳጥን፣ አንድ ደግሞ የብርጭቆ ኳስ። ኳሷ የፀሐይን ጨረር ሰብስባ ከሥሯ የተሰካውን ካርቶን ታቃጥላለች፤ ነጅሙዲን ማታ ማታ የተቃጠለውን ለክቶ ፀሐይ በቀኑ ለስንት ሰዓት እንደበራች ይመዘግባል። ባለፈው ክረምት ቆርቆሮው ሐምሌን ሙሉ ደርቆ ሲከርም ካርቶኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየነደደ አለቀ። አንድ ሰሞንማ «ዝናቡን የሚያባርረው ይኸ ኳስ ነው» ተብሎ ድንጋይ ተወርውሮበት ነበር። ኳሷ ተረፈች፤ የነጅሙዲን ጨጓራ ግን አልተረፈም።

ይህ ሁሉ ሳያንሰው በኅዳር ወር ጓድ ካሳው መጣ። ካሳው ከላይ የተላከ ካድሬ ነው፤ ሥራው የተራቡትን ገበሬዎች ዝናብ ወደማይጠፋበት ወደ ምዕራብ አገር ለሰፈራ መመዝገብ ነበር። ይህን ያህል ቤተሰብ አምጣ ተብሏል፤ ሰው ግን አልሞላለትም። የራያ ገበሬ በእፍኝ የእርዳታ ስንዴ እየኖረ እንኳ ከመሬቱ ንቅንቅ አልልም ብሎታል። እናም አንድ ቀን ረፋዱ ላይ የሽቦውን በር በርግዶ ገባ።

«ጓድ ነጅሙዲን፣ እሁድ በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ ንግግር ታደርጋለህ። ርዕሱ ‹ድርቅ በሳይንስ ዓይን› ነው።»

«እኔ?»

«የሳይንስ ሰው አንተ አይደለህ?»

«እኔ እኮ የቆርቆሮ ውኃ ነው የምለካ ጓድ። እሱም ሲኖር።»

«ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር ለማዋል ቆርጠን የተነሳን ሕዝቦች ነን» አለ ካሳው የብርጭቆ ኳሷን በጣቱ እያንኳኳ። «ሃያ ደቂቃ ይበቃል።»

እምቢ ይባል ነበር? አይባልም ነበር። ነጅሙዲን ቤቱ ገብቶ ሳጥኑን ገለባበጠና ድሮ አዲስ አበባ ለኮርስ በሄደ ጊዜ የተሰጠውን ጥራዝ አወጣ። ስለ ድርቅ ምን ይናገር? ደን ተመነጠረ ቢል ማን መነጠረው ይባላል። ጦርነት ቢል ያልቅለታል። እህሉ የት ገባ ቢልማ ከዚያ ስብሰባ ወደ ቤቱ አይመለስም። ሲያገላብጥ ሲያገላብጥ ስለ ፀሐይ የምትናገር አንዲት ገጽ አገኘ። በፀሐይ ፊት ላይ ነጠብጣብ የሚመስሉ ጥቋቁር ምልክቶች አሉ ትላለች ገጿ፤ በአስራ አንድ ዓመት ገደማ ይበዙና መልሰው ይቀንሳሉ። ሲበዙ የፀሐይዋ ሙቀት ጥቂት ይጨምራል፣ ሲቀንሱም ጥቂት ይቀንሳል፤ ልዩነቱ ከሺህ አንድ ቢሆን ነው። ይህን ከምድር የአየር ጠባይና ከድርቅ ጋር የሚያያይዙ ሊቃውንት አሉ፤ የለም፣ አልታየም የሚሉም አሉ። ገና አልተረጋገጠም ብላ ገጿ ታበቃለች። ነጅሙዲን ደስ አለው። ፀሐይን ጸረ አብዮት ናት የሚል ካድሬ ገና አልተወለደም ብሎ አሰበ።

እሁድ ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ሦስት መቶ የሚሆን ሰው መሬት ላይ ተቀምጧል። ነጅሙዲን ወረቀቱን ይዞ ቆመ። «በፀሐይ ፊት ላይ ነጠብጣብ አለ» አለ። «ይህ ነጠብጣብ በየአስራ አንድ ዓመቱ ይመጣል፣ ይሄዳል። አሁን እየጠፋ ያለበት ጊዜ ነው። አንዳንድ ሊቃውንት ድርቅን የሚያመጣው ይህ ነው ይላሉ፤» አለና ትንፋሹን ሊሰበስብ ቆም አለ። ቀጥሎ «ሌሎች ሊቃውንት ግን ማስረጃ የለም ይላሉ» ሊል ነበር። ካሳው ከወንበሩ ተነስቶ አጨበጨበ። ካድሬ ሲያጨበጭብ ቁጭ ብሎ የሚያይ የለም፤ ሦስት መቶው ሰው አጨበጨበ። መፈክር ተከተለ፤ ከመፈክሩ በኋላ ሌላ ሰው ስለ ማዳበሪያ ተናገረ። የነጅሙዲን ግማሽ ንግግር አፉ ውስጥ ቀረ።

ጣጣውን ያመጣው ግን ካሳው ብቻ አልነበረም፤ ቃሉም ነበር። ትምህርት ቤት ለገባ ሰው ነጠብጣብ ማለት ምልክት ነው፣ ጥቁር ጥቁር ነገር። ግንቦት ከባተ ጀምሮ አንገቱን ወደ ሰማይ አቅንቶ ለከረመ የራያ ገበሬ ግን ነጠብጣብ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከላይ የሚወርድ ጠብታ። ስለዚህ ሦስት መቶው ሰው ከስብሰባው የያዘው ወሬ አጭርና ግልጽ ነበር፤ «ነጠብጣብ ጠፍቷል። የሚመለሰው በአስራ አንድ ዓመት ነው። ነጅሙዲን ከመጽሐፍ አንብቦ ነገረን።»

ፀሐይና ጠብታ ምን አገናኛቸው ብሎ የጠየቀ ሰው ቢኖር አንድ መልስ ነበረው። አንድ ሽማግሌ ገበያ መሃል ቆመው «ውኃውን አፍልታ ወደ ላይ የምትወስደው ማን ናት? ፀሐይ አይደለችም? ደመና አድርጋ መልሳ የምታንጠባጥበውስ?» ሲሉ ነጅሙዲን በጆሮው ሰማ። ከሁሉ በላይ ያበሸቀው ነገሩ ከእውነቱ ብዙም አለመራቁ ነው።

ወሬው እስከ ዋጃ ወጣ፣ እስከ ሮቢት ወረደ። ከጎብዬ አንድ ሰው በእግሩ መጥቶ «ነጠብጣቡ የጠፋው ለቆቦ ብቻ ነው ወይስ ጎብዬንም ይጨምራል?» ብሎ ጠየቀው። ነጅሙዲን ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

«ስሙኝማ! ነጠብጣብ ማለት ጠብታ አይደለም! ምልክት ነው! እንደ ጅግራ ላባ ያለ!»

«ፀሐይዋ እንደ ጅግራ ናት?» አለ የጎብዬው ሰው።

«ጅግራ ናት አልወጣኝም! ጥቁር ጥቁር ነገር ፊቷ ላይ አለ ነው የምል። እሱ ነው አሁን እየጠፋ ያለው።»

«ጥቁሩ ከጠፋላትማ ጠራች ማለት ነዋ። ስትጠራ ደግሞ ይብስባታል።»

«የለም፤ ጥቁሩ ሲጠፋ እንዲያውም ትንሽ ትበርዳለች።»

ሰውዬው አንዴ ነጅሙዲንን፣ አንዴ ሰማዩን አየ። ላቡ ከግንባሩ ይንቆረቆራል። «ይቺ?» አለ። «በረደች?» እዚያ የነበረው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ፤ በዚያ ዓመት ቆቦ ላይ ሰው እንደዚያ ሲስቅ ተሰምቶ አያውቅም። ነጅሙዲን ከንፈሩን ነክሶ ሄደ። በነጋታው የሰፈራ መዝጋቢው ጠረጴዛ ፊት የተሰለፈው ሰው በእጥፍ ጨመረ።

ነጅሙዲን እሳት ለብሶ እሳት ጎርሶ የካሳው ቢሮ ገባ። ካሳው በፈገግታ ተቀበለው።

«ጓድ ነጅሙዲን! አንተ እኮ ከአስር ካድሬ ትበልጣለህ።»

«ጓድ ካሳው፣ ሰዉ የተሳሳተ ነገር ይዟል። አስራ አንድ ዓመት አይዘንብም አላልኩም። ይታረምልኝ።»

«እኔ ከራሴ ያልኩት ነገር አለ? አንተ ያልከውን ነው የደገምኩት።»

«ግማሹን!»

«ግማሹ በቃን» አለ ካሳው። ከዚያ ፈገግታውን ሰበሰበና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስብሰባ ላይ የተጨበጨበለትን ነገር ማፍረስ ምን እንደሚባል ታውቃለህ። ለእህትህም ለአንተም አይበጅም።»

ነጅሙዲን ወጣ። ፈርቷል፤ ከፍርሃቱ ይልቅ ግን ንዴቱ ይበልጥ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር የት ይታያል? ሰው የማያውቀውን አላውቅም ብሎ ሲጮህ አይሰማም፤ አፉን ሳይዘጋ ግማሽ ነገር ሲያመልጠው ግን አገር ተሸክሞት ይሄዳል!

ካሳው እህቱን ያነሳው በከንቱ አልነበረም። የነጅሙዲን ታላቅ እህት ሀሊሜ ከቆቦ የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ፣ ሆርማት ወንዝ አጠገብ ነው ያገባችው። ባሏ ሙሀመድሰይድ የውኃ አባት ነው። በዚያ ሜዳ ላይ እርሻው የሚኖረው ማሳው ላይ በሚዘንበው ብቻ አይደለም። ከምዕራብ ያለው ደጋ ላይ ሲዘንብ ቀይ ጎርፍ በሆርማት ይወርዳል፤ ስልሳ ሰባ ሰው በአንድ ጊዜ ወጥቶ በድንጋይ፣ በአሸዋና በእሾህ ቅርንጫፍ ይጠልፈውና በቦይ ወደየማሳው ይመራዋል። ጎርፉ የሚቆየው ሰዓት ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው፤ ያመለጠው ወደ አፋር በረሃ ይሄዳል። የት ላይ እንደሚጠለፍ፣ ክምሩ መቼና በየት በኩል ተቆርጦ ውኃው ወደ ቦይ እንደሚለቀቅ፣ የማን ቦይ መጀመሪያ እንደሚከፈት የሚናገረው የውኃ አባቱ ነው። ሙሀመድሰይድ ይህን ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቷል።

«በዚያ ውኃ የሚያርሰው አርባው ቤት እሱን እየጠበቀ ነው» ብሎ ለነጅሙዲን የነገረው አለሙ ነበር። አለሙ ክርስቲያን ገበሬ ነው፤ ማሳው ከሙሀመድሰይድ ማሳ ጋር ድንበርተኛ ነው። «እሱ ከተመዘገበ ሁሉም ይመዘገባል። እሱ ከቀረ ይቀራሉ። እስካሁን አልተነፈሰም።»

ነጅሙዲን ይህን ሲሰማ መጀመሪያ ያሰበው ስለዚያ ንግግሩ ነው። እነሱም ያን የፈረደበት ነጠብጣብ ሰምተው ይሆናል። በነጋታው ማልዶ ተነሳና ሄደ።

ሙሀመድሰይድን ያገኘው ቦዩ ውስጥ ነው። ከስቶ አጥንቱ ብቻ ቀርቷል፤ ሸሚዙ የሌላ ሰው ይመስላል። ብቻውን በአካፋ ደለል እየዛቀ ወደ ዳር ይጥላል። ሀሊሜ ከጥላው ሥር ተቀምጣ ከእርዳታው ስንዴ ጠጠር ትለቅማለች። ወንድሟን ስታይ ፊቷ በራ።

«አሰላሙ ዐለይኩም። ምን እየሠሩ ነው አያ?»

«ወዐለይኩም ሰላም። ቦይ እየጠረግሁ ነዋ፣ አላየኸኝም?»

«ለየቱ ውኃ?»

«ለሐምሌው» አለ ሙሀመድሰይድ፤ ይህም ይጠየቃል እንዴ በሚል ድምፅ።

ነጅሙዲን በደስታ ቦዩ ዳር ቁጭ አለ። «አልተመዘገቡም ማለት ነው!»

«ምን ሆኜ ብዬ! አንተው አይደለህ የነገርኸን?»

«እኔ?»

ሙሀመድሰይድ አካፋውን ተደግፎ ቀና አለ። ለብዙ ቀን ሲያስብበት እንደከረመ ያስታውቃል። «ድርቁ ስልሳ ስድስት ላይ ፈጀን። ዘንድሮ ስንት ነው? ሰባ ሰባት። በመካከሉ ስንት አለ?»

«አስራ አንድ።»

«አስራ አንድ! አንተ እዚያ ቆመህ ስትናገር ሌላው ያጨበጭባል፤ እኔ እቆጥር ነበር። ያ ካሳው የሚሉት ሰው አስራ አንድ ዓመት አይዘንብም ይላል። ቁጥር አያውቅም። በአስራ አንድ ዓመት አንዴ ነው የሚመጣ እኮ! መጣ፣ ፈጀን፣ ሄደ። ከእንግዲህ እስከ ሰማንያ ስምንት ማን ይነካናል? እስከ ሐምሌ ነፍሳችንን በዚች ስንዴ ካቆየናት አበቃ። ለአርባውም ቤት ይኸንኑ ልነግራቸው ነው፣ ኢንሻአላህ።»

እዚህ ላይ ነጅሙዲን ዝም ማለት ይችል ነበር። «አላህ ያሳካው» ብሎ፣ ከእህቱ ጋር ትንሽ ተጫውቶ፣ ወደ ቤቱ መሄድ ይችል ነበር። ሀሊሜ ከባሏ ጀርባ ሆና ዓይኗን ተክላበታለች፤ ከንፈሯን ነክሳለች፤ ራሷን ትነቀንቃለች። ምልክቱ ከዚህ በላይ ምን ሊሆን ነው? ግን አንድ ወር ሙሉ ያ የተረገመ አስራ አንድ አንጀቱን ሲያሳርረው ከርሟል። በገበያ ሲያሳድደው፣ በሻይ ቤት ሲያሳድደው፣ አሁን ደግሞ ልብሱን ቀይሮ እዚህ ቦይ ውስጥ ጠበቀው። አልቻለም።

«አያ፣ ይኸም አይሆንም።»

«ምኑ?»

«ሁለት ዓመት ቆጥሮ ሕግ አይወጣም። ሀምሳ ስምንትስ?»

ሙሀመድሰይድ ጎንበስ ብሎ አንድ አካፋ ደለል ዛቀ።

«ሀምሳ ስምንት ላይ ድርቅ አልነበረም? ረሱት? ከሀምሳ ስምንት እስከ ስልሳ ስድስት ስንት ነው? ይቁጠሩት እስቲ።»

ሙሀመድሰይድ በጣቱ ቆጠረ። በእውነት ቆጠረ፤ ስምንተኛው ጣቱ ላይ ሲደርስ ቆመና እጁን አየው። በሀምሳ ስምንት ሁለቱም በሬዎቹ አልቀውበታል፤ የበኩር ልጁን የቀበረውም ያኔ ነው። ሊረሳው አይችልም። ሊቆጥረው አልፈለገም እንጂ።

«ስምንት» አለ።

«አዩ? መጽሐፉም አልተረጋገጠም ነው የሚል። ነጠብጣቡም ቢሆን ከሺህ አንድ ነው ለውጡ። እኔ እሱን ልናገር ስል ነው ያቋረጡኝ።»

«ታዲያ መቼ ነው የሚመጣ?»

«አይታወቅም።»

«ዘንድሮ ሐምሌ ሊደግመን ይችላል?»

«ይችላል። ላይደግመንም ይችላል።»

«አንተ የትኛው ነው ትላለህ?»

«አላውቅም፣ አያ። ማንም አያውቅም።»

ሙሀመድሰይድ ራሱን ነቀነቀ። አልተቆጣም። አካፋውን ደለሉ ውስጥ ሰካና ቦዩን ቁልቁል አየ። ነጅሙዲን ግን ከስንት ቀን በኋላ ቀለል አለው። በመጨረሻ አንድ ሰው ነገሩን በትክክል ሰማው! ሙሉውን፣ ሳይቆረጥ፣ ሳይጨበጨብበት። ሞኝ ሰው በእውነት እንደሚጠግበው ጠግቦ ተነሳ።

ሀሊሜ እስከ ቁልቋሉ አጥር ሸኘችው። እንደ ወትሮው አልሳመችውም።

«ዝም ብትል ምን ነበረበት?»

«በውሸት ይመን ኖሯል እቴ?»

«የሚያምነው ነገር ነበረው። ቀማኸው። ምን ሰጠኸው በምትኩ?»

«የሌለኝን ምን ልስጠው!» ብሎ ጮኸባት። በእህቱ ላይ ጮሆ አያውቅም። መንገዱን ሙሉ ለራሱ ሲከራከር፣ ሲረታ፣ እንደገና ሲከራከር ቆቦ ገባ።

አራት ቀን አለፈ። በአምስተኛው ቀን አለሙ ሽቦው አጠገብ መጥቶ ቆመ፤ አልገባም።

«ተመዘገበ» አለ።

«ማን?»

«ሙሀመድሰይድ ነዋ። ከነ ሀሊሜ። አርባውም ቤት ተከትሎታል። እኔ እናቴ አልጋ ላይ ባትሆን ኖሮ እኔም…» አለና ተወው።

ነጅሙዲን መጀመሪያ ያሰበው ካሳው አስገድዷቸው ነው ብሎ ነው። እንዲያ ቢሆን ይቀለው ነበር። ሊጠይቃቸው ሁለት ጊዜ ተነስቶ ሁለት ጊዜ ተመለሰ፤ የእህቱን ፊት ማየት ፈራ። ይህን ሲያደርግ ቀኑ ደረሰ። ጥር መግቢያ ላይ መኪኖቹ ቆቦ አውራ ጎዳና ላይ ተሰለፉ፤ ድምፅ ማጉያው ይጮሃል፤ ሰዉ ዕቃውንና ልጁን እየታቀፈ ይጫናል። ነጅሙዲን ከመኪና ወደ መኪና ሲሮጥ በአራተኛው ላይ አገኛቸው። ጎማው ላይ ወጣና የጭነቱን ሳንቃ ጨበጠ።

«አያ! አስገደዱዎ?»

«ማንም አላስገደደኝም» አለ ሙሀመድሰይድ። «ነገርህ ገብቶኝ ነው። አስራ አንድ ካልሆነ ስምንትም ይሆናል፤ ሁለትም ይሆናል፤ አንድም ይሆናል። ቁጥር ያለው ነገር ቢሆን ተርቤም እጠብቀው ነበር። ቁጥር የሌለውን በምን ጉልበቴ ልጠብቀው ልጄ? የአርባ ቤት ሰው ነፍስስ እንዴት ብዬ ላስይዝ?»

ሾፌሩ ሞተር አስነሳ። ነጅሙዲን ዕድሜውን ሙሉ ያላደረገውን አደረገ።

«ቆዩ! አያ፣ ተሳስቼ ነው! መጽሐፉን ደግሜ አየሁት። አስራ አንድ ነው! ሀምሳ ስምንት ከቁጥር አይገባም፤ የሌላ ዓይነት ድርቅ ነው። ሐምሌ ላይ ይዘንባል! ወላሂ አስራ አንድ ነው!»

የአላህን ስም ጠርቶ በሐሰት ማለ። ሀሊሜ ወደ እሱ ዞረች። ሙሀመድሰይድ ግን ፈገግ አለ፤ ያን የከሳ እጁን አውጥቶ ሳንቃውን የጨበጠውን የነጅሙዲንን እጅ መታ መታ አደረገው።

«አሁን ልታስቀረኝ ብለህ ነው» አለው። «ውሸት አትችልበትም ነጅሙ። ያን ቀንም ያመንኩህ ለዚህ ነው።»

መኪናው ሲንቀሳቀስ ነጅሙዲን ከጎማው ላይ ወረደ። ካሳው ከዳር ቆሞ እጁን ያውለበልባል። ነጅሙዲን ሊሰድበው አሰበ፣ ሊመታውም አሰበ፤ ግን በዚያች ሰዓት ከካሳው ይልቅ የተናደደው በራሱ ነበር። ትክክል ነበር እኮ! ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ትክክል ነበር። በዚህ የበለጠ አንጀቱ አረረ።

ሐምሌ አስራ ሁለት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ምዕራቡ ደጋ ላይ ሰማዩ ጠቆረ። ቆቦም ላይ ካፊያ ጀመረ፤ ላይኛው አገር ግን ዶፍ ነው የወረደው። ነጅሙዲን ነጎድጓዱን ሲሰማ መዝገቡን ወርውሮ ወደ ሆርማት ሮጠ። ሲደርስ ልቡ ልትፈርስ ደርሳለች። ወንዙ ዳር አለሙ፣ ሁለት ሽማግሌዎችና ስድስት ሴቶች ቆመዋል። ከላይ በኩል ጎርፉ ድንጋይ እያንከባለለ ሲመጣ ድምፁ ይሰማል።

ያላቸውን ድንጋይ ቆለሉ፤ ያላቸውን እሾህ ጎተቱ። የሰባ ሰው ሥራ ለአስር ሰው አይሆንም፤ ቢሆንም ሠሩ። ጎርፉ ደረሰ። ቀይ፣ ወፍራም፣ የደጋውን አፈር የተሸከመ፣ ማሽላ የሚወደው ዓይነት ውኃ ነበር። አለሙ እስከ ጭኑ ገብቶ ቆሞ «በየት በኩል እንቁረጠው?» ብሎ ጮኸ።

ሁሉም ወደ ነጅሙዲን ዞሩ። የሙሀመድሰይድ አማች ነው፤ የተማረ ነው፤ የመንግሥት ሰው ነው። ነጅሙዲን ከአስር ዓመት በላይ ዝናብ ሲለካ ጎርፉ የት ላይ እንደሚታጠፍ አንድ ቀን እንኳ ቆሞ አይቶ አያውቅም። ግን አንድ ሰው አንድ ነገር ማለት ነበረበት።

«በዚህ!» አለና በጣቱ አሳየ።

ቆረጡት። ውኃው የተቆረጠውን አፍ አንድ ጊዜ አሸተተውና ገነጠለው። ክምሩን ጠራርጎ ወሰደ፤ የቦዩን በር ከነደለሉ ነቅሎ አብሮ ወሰደ፤ ከዚያ ቀጥ ብሎ ወደ ምሥራቅ ነጎደ። አርባ ማሳ ከዳር ሆኖ አየው። ሴቶቹ ጭቃ በጭቃ ሆነው ዳር ላይ ተቀመጡ፤ አንዷ ታለቅሳለች።

«በየት በኩል ነበር መቁረጥ የነበረብን?» አለ ነጅሙዲን።

አለሙ ሸሚዙን አውልቆ እየጨመቀ ነበር። ቀናም አላለ።

«እሱን የሚያውቀውን አንተ ሸኘኸው» አለው።

ክፋት አልነበረበትም፤ ወሬ እንደሚያወራ ሰው ነው የተናገረው። ነጅሙዲን ጎርፉ እስኪያልቅ ድረስ እዚያው ቆመ፤ ለማለቅም ብዙ አልቆየም።